ከማድሪድ እስከ ሳን ሴባስቲያን፦ በየት በኩል፣ ምን እየበሉ፣ ምን እየጠጡ?

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። በሴፕቴምበር አጋማሽ ለአሥር ቀን ስፔን ሄደን፣ መኪና ተከራይተን ለመዞር አስበናል። ዋናው ፍላጎታችን የየአካባቢውን ምግብና ወይን መቅመስ ነው። ጓደኞቻችን ባርሴሎና፣ ቫሌንሲያ፣ ግራናዳ፣ ሴቪያ፣ ሳን ሴባስቲያን እያሉ ዝርዝሩን አስረዘሙብን። ባለቤቴ የአሳማ ሥጋ አትበላም። ረቡዕና ዓርብም ትጾማለች። የምነዳው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። መንገዱን እንዴት እናውጣው? እኔስ ወይኑን እንዴት ልቅመስ?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያንን ዝርዝር ቅደደው። ስፔን በካርታ ስትታይ ሁሉም ነገር ቅርብ ለቅርብ ይመስላል። ግን ከባርሴሎና እስከ ሴቪያ በመኪና አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁሉንም ላዳርስ ያለ ሰው አሥሩን ቀን አውራ ጎዳና ላይ ይጨርሳል። ምሳውንም ነዳጅ ማደያ ውስጥ በሳንድዊች ይገፋል። የስፔን ምግብ ደግሞ የየአካባቢው ነው። አንድ ተራራ ስትሻገር ዳቦው ይለወጣል፣ ምድጃ ውስጥ የሚገባው ይለወጣል፣ የሚቀዳልህም ይለወጣል። ይሄን የሚያየው ቀስ ብሎ የሄደ ሰው ነው።

እንግዶችን በወይን አካባቢዎች መምራት ሥራዬ ነው። ለእናንተ የምመርጥላችሁም አንድ መስመር ብቻ ነው። ማድሪድ አንድ ሌሊት፣ አራንዳ ዴ ዱዌሮ ሁለት፣ አሮ ሁለት፣ ሎግሮኞ አንድ፣ ሳን ሴባስቲያን ሦስት እደሩ። መኪናውን ቢልባኦ መልሳችሁ ከዚያ ወደ ጀርመን ብረሩ። መንገዱ በጠቅላላው 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረጅሙ የአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ማድሪድ ውስጥ መኪና አያስፈልጋችሁም፤ የምትወጡበት ቀን ጠዋት ተቀበሉ። አንድ ከተማ ተቀብሎ ሌላ ከተማ መመለስ ተጨማሪ ክፍያ ሊኖረው ስለሚችል ስትከራዩ ጠይቁ።

ፓኤያስ ትሉኝ ይሆናል። ፓኤያ የቫሌንሲያ የሩዝ ምግብ ነው። እዚያ በዶሮ፣ በጥንቸልና በባቄላ ዓይነቶች ተሠርቶ ለምሳ ይበላል። ማድሪድ ውስጥ በር ላይ የፓኤያ ፎቶ የሰቀለ ምግብ ቤት ካያችሁ እለፉት። ቫሌንሲያን ለሌላ ጊዜ አቆዩአት። ግራናዳና ሴቪያ ያሉባት አንዳሉሲያም ብትሆን የራሷን ሳምንት ትፈልጋለች፤ የሄሬስ ወይን ብቻውን ብዙ ቀን ያስቆያል።

አሁን ወደ መጠጡ እንምጣ። በስፔን ለሹፌር የተፈቀደው በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል ሆኖ ቆይቷል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው 0.3 ነው። ገደቡን ወደ 0.2 የማውረድ ሐሳብም በፓርላማ ተነስቷል። ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ሲያስተነፍስህ የሚያየው በአንድ ሊትር ትንፋሽ 0.25 ሚሊ ግራም ነው። ያንን ካለፍክ ቅጣቱ ከ500 እስከ 1,000 ዩሮ ይደርሳል። 0.60 ካለፈ ደግሞ ጉዳዩ የወንጀል ክስ ይሆናል። እኔ ግን ለእንግዶቼ ቁጥሩን እርሱት ነው የምላቸው። ቁልፍ የያዘ ሰው ምንም አይጠጣም። አንድ ብርጭቆ ምንም አታደርግም የሚል አስተናጋጅ ቢያጋጥምህም አትስማው።

ታዲያ አንተ መቼ ትቀምሳለህ? መፍትሔው መስመሩ ውስጥ አለ። የመረጥኳቸው ከተሞች በሙሉ ከማደሪያችሁ ወጥታችሁ በእግር ወይን መቅመሻ ቦታ የምትደርሱባቸው ናቸው። ጠዋት ቡናህን ጠጥተህ ትነዳለህ። ከምሳ በፊት ትደርሳለህ። መኪናውን አቁመህ ቁልፉን ሆቴል ታስቀምጣለህ፤ እስከ ማግስቱ አትነካውም። በመኪና የሚኬድበት ወይን ቤት፣ ማለትም ወይን የሚጠመቅበት ቦታ፣ ካለ ግን ቅመስና ትፋ። እኛ ጋ የቀረበልንን መትፋት ነውር ስለሆነ ብዙ ሐበሻ ይሄን ሲሰማ ይሳቀቃል። ወይን ቤት ውስጥ ግን መትፊያው ዕቃ ለዚሁ ተብሎ ነው የሚቀመጠው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ቀኑን ሙሉ ይተፋሉ። ማንም አይቀየምህም።

የሰዓቱን ነገርም ቀድማችሁ እወቁት። የስፔን ምሳ የሚጀምረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 14፡00 ማለት ነው። ወጥ ቤቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሠራል። እራት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይታሰብም። ባለቤትህ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ከሆነ አገሩ ራሱ ተመችቷታል ማለት ነው። ሌላ ቦታ በዚያ ሰዓት ምግብ ቤት ይዘጋል። እዚህ ገበታው ገና ሞቅ ብሎ ታገኘዋለች። እሑድ ማታና ሰኞ ግን የሚዘጋው ብዙ ስለሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከማድሪድ በኤ-1 መንገድ ወደ ሰሜን ስትነዳ የሶሞሲየራን ተራራ ትሻገራለህ። ከ160 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አራንዳ ትደርሳለህ። እዚህ ሪቤራ ዴል ዱዌሮ የሚባለው የወይን አካባቢ ነው ያለኸው። ወይኑ የሚበቅለው ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር አካባቢ በሆነ አምባ ላይ ነው። ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ማታ ብርዱ ይቆነጥጣል። ፀሐዩ ፍሬውን በደንብ ያበስለዋል። የሌሊቱ ብርድ ደግሞ ኮምጠጥ የሚያደርገውን አሲድ ይጠብቅለታል። ስለዚህ ወይኑ ጥቁር ቀይና ኃይለኛ ሆኖም አይከብድም። የወይኑ ዘር ቴምፕራኒዮ ሲሆን እዚህ ቲንቶ ፊኖ ይሉታል። አካባቢው በሕግ የታወቀው በ1982 ነው። ቬጋ ሲሲሊያ የሚባለው ዝነኛ ወይን ቤት ግን ከ1864 ጀምሮ እዚያው አለ። ጃኬት ያዙ፤ በሴፕቴምበርም ማታ ያስፈልጋል።

አራንዳ የምትሄዱበት ዋና ምክንያት ሌቻሶ ነው። ሌቻሶ ከእናቱ ወተት በቀር ምንም ያልቀመሰ የበግ ግልገል ነው። በሸክላ ዕቃ ሆኖ፣ ከውኃና ከጨው ሌላ ብዙም ሳይገባበት፣ በእንጨት በሚነድ ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል። ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ሥጋው በሹካ ይፈርሳል። ከጎኑ ሰላጣና ከላዩ የወይራ ዘይት የተቀባ ጠፍጣፋ የአራንዳ ዳቦ ይመጣል። ሌላ ነገር አትፈልጉም። የሚታዘዘው በሩብ ነው፤ አንዱ ሩብ ለሁለት ሰው ይበቃል። ምድጃው ጊዜ ስለሚፈልግ ቀድማችሁ ደውላችሁ ሰዓቱን ንገሯቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ ቤቶች ግልገሉን ከማስገባታቸው በፊት የአሳማ ስብ ይቀቡታል። ስትደውሉ ይሄንንም ጠይቁ። በወይራ ዘይት ወይም እንዲሁ የሚሠራ ቤት አለ።

በዚህ ምግብ ላይ ቀዩን ወይን ስትጠጡ ነገሩ ይገባችኋል። አገር ቤት አክሱሚትን የለመደ ምላስ የዚህ አካባቢ ወይን መጀመሪያ ሲቀመስ ያጣብቀዋል። ከፍሬው ቆዳና ከበርሜሉ የሚመጣ ታኒን የሚባል ነገር አለበት። ታኒን ምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አፍን ያደርቃል። የሰባ ሥጋ ሲገባ ግን ታኒኑ ከሥጋው ጋር ይያያዛል፣ አፍ ይለሰልሳል። ወይኑን ለብቻው ቀምሶ አልወደድኩትም ያለ ሰው ከሥጋው ጋር ሲቀምሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ምግብ ሳይቀርብ አትፍረዱ።

ከምሳ በኋላ የአራንዳን ምድር ቤቶች ውረዱ። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰዎች ከተማውን ከሥሩ ቆፍረው ወይን ሲያስቀምጡበት ኖረዋል። ቅዝቃዜው በጋ ከክረምት ስለማይለዋወጥ ወይኑ አይበላሽም። ጥቂቶቹ ለጎብኚ ክፍት ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ፔኛፊየል ብትሄዱ ኮረብታ ላይ ጠባብና ረጅም ግንብ አለ። ውስጡ የወይን ሙዚየም ነው። ለምሳ ተመለሱ።

ወደ አሮ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቡርጎስ በኩል ይኬዳል። ከቡርጎስ ወዲያ ያለው ኤፒ-1 የክፍያ መንገድ ነበር፤ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ሆኗል። አሮ ትንሽ ከተማ ናት። ለእኔ ግን ሪዮሃ ከሚባለው ዝነኛ የወይን አካባቢ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት፤ ምክንያቱም የሪዮሃ ታሪክ በእግር የሚታይባት ቦታ ነች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፈረንሳይን ፊሎክሴራ የሚባል ሥር የሚበላ ተባይ መታት። ቦርዶ ከሚባለው የፈረንሳይ የወይን አገር ነጋዴዎች ወይን ፍለጋ ወደዚህ መጡ። ወይኑን በ225 ሊትር የኦክ በርሜል የማስቆየቱ ሙያም በዚያ ዘመን ከቦርዶ መጥቶ እዚህ ሥር ሰደደ። አሮን ከቢልባኦ ወደብ የሚያገናኝ ባቡር በ1863 ተከፍቶ ስለነበር ወይን ቤቶቹ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተተከሉ። ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ በ1877፣ ኩኔ በ1879፣ ላ ሪዮሃ አልታ በ1890 ተመሠረቱ። ዛሬም ሁሉም እዚያው ሰፈር፣ በደቂቃዎች የእግር መንገድ ርቀት ላይ አሉ። ከተማዋ ሀብታም ከመሆኗ የተነሳ በ1890 መንገዶቿን በኤሌክትሪክ ካበሩት የመጀመሪያዎቹ የስፔን ከተሞች አንዷ ሆናለች።

በቀን ከሁለት ወይን ቤት በላይ አትጎብኙ። ሦስተኛው ላይ ምላስም ጆሮም ይደክማል። አንዱ የድሮ፣ አንዱ የአዲስ አሠራር ቢሆን ጥሩ ነው። በጠርሙሱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ምልክት እያያችሁ ተማሩ። አረንጓዴው የቆይታ ግዴታ የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ወጣት ወይን ነው። ቀዩ ክሪያንሳ ነው፤ ሁለት ዓመት የቆየ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ አንዱን በርሜል ውስጥ ያሳለፈ። ጠቆር ያለው ቀይ ሬሴርባ ነው፤ ሦስት ዓመት። ሰማያዊው ግራን ሬሴርባ ነው፤ አምስት ዓመት፣ ቢያንስ ሁለቱ በበርሜል። ውድ ሁሉ ለምሳ አይሆንም። ከጠቦት ጋር ክሪያንሳ ይበቃል፤ እኔ ራሴ የማዘው እሱን ነው። ግራን ሬሴርባውን ማታ ብቻውን፣ ቀስ ብላችሁ፣ በብርጭቆ ግዙ።

እዚህ አካባቢ ሳትበሉት እንዳታልፉ የምለው በወይን ጭራሮ ፍም ላይ የተጠበሰ የግልገል ጎድን ነው፤ ቹሌቲያስ አል ሳርሚዬንቶ ይሉታል። ከወይን እርሻው የተገረዘው ቅርንጫፍ ደርቆ ይነዳል። እሳቱ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎ ይበርዳል። ጨው ብቻ ነው የሚነሰነሰው። ባለቤትህ ያለ ሐሳብ ትበላዋለች። ከአሮ ወደ ሎግሮኞ ስትሄዱ ላጉዋርዲያ ጎራ በሉ። በግንብ የታጠረች መንደር ናት፤ ከሥሯ ሙሉ በሙሉ የወይን ዋሻ ስለሆነ ጎብኚ መኪናውን ከግንቡ ውጭ አቁሞ ነው የሚገባው። የምትነዳበት ቀን ስለሆነ ግን አንተ በውኃ ታልፋለህ።

ሎግሮኞ ውስጥ ካዬ ላውሬል የሚባል አጭር መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ቡና ቤት ነው። አብዛኛው ቤት የሚታወቅበት አንድ ምግብ አለው። አንዱ እንጉዳይ በነጭ ሽንኩርት ይጠብሳል፣ አንዱ ቃሪያ፣ አንዱ ድንች። ደንቡ አንድ ቤት፣ አንድ ጉርሻ፣ አንድ ትንሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ነው። አንድ ቦታ ተቀምጦ ብዙ ያዘዘ ሰው የመንገዱን ጣዕም ያጣል። የሳን ማቴዎ በዓል የሚውለው በሴፕቴምበር 21 ሳምንት ነው። ወይን በእግር ተረግጦ የመጀመሪያው ጭማቂ ለድንግል ማርያም ይቀርባል። በጣም ደስ ይላል፤ ግን ሆቴሉ ይሞላል፣ ዋጋውም ይወጣል።

አሁን ስለ አሳማ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስፔን ውስጥ አሳማ ባልጠበቃችሁት ቦታ ሁሉ ይገባል። ምስር ውስጥ ቾሪሶ የሚባለው የአሳማ ቋሊማ አለ። የአትክልት ወጥ ላይ ሃሞን የሚባለው የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይበተናል። የሪዮሃ ድንች የሚሠራው በቾሪሶ ነው። አንዳንድ ብስኩት በአሳማ ስብ ይጋገራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ያለ ሥጋ» ብላችሁ ስታዙ ነው። ለብዙ አስተናጋጅ ሥጋ ማለት ቁርጥ ሥጋ ነው፤ ሃሞንና ቱናን አይቆጥረውም። ስለዚህ በስም ጥሩት፦ «ሲን ሴርዶ፣ ሲን ሃሞን፣ ሲን ቾሪሶ፣ ሲን ማንቴካ።» ሲን «ያለ» ማለት ነው፤ ሴርዶ አሳማ ነው፤ ማንቴካ የአሳማ ስብ ነው፤ ቅቤው ማንቴኪያ ነው፤ እንዳትምታቱ። ይሄንን በስልክህ ጽፈህ ብታሳይ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ለረቡዕና ዓርብ ደግሞ «ሶይ ቬጋና» ብትል ዛሬ ሁሉም ይረዳታል። የተጠበሰ የፒኪዮ ቃሪያ፣ ነጭ አስፓራገስ ያለ ማዮኔዝ፣ ቲማቲም በወይራ ዘይት፣ እንጉዳይ ታገኛለች። እንጉዳዩ ላይ ሽሪምፕ ሰክተው ስለሚያመጡ ያለሱ ይበሉላት። ሴፕቴምበር ፖቻስ የሚባለው፣ ሳይደርቅ የሚቀቀል ነጭ ባቄላ የሚገኝበት ወቅት ነው። «ቪዩዳስ» ከተባለ ያለ ሥጋ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ እሱም ቢሆን መረቁ የምን እንደሆነ ጠይቁ።

ከሎግሮኞ ሳን ሴባስቲያን 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደረቁን አምባ ትታችሁ ወደ ዝናብና ባሕር ትገባላችሁ፤ ገበታውም ወደ ዓሣ ይዞራል። አሮጌው ከተማ ውስጥ ባንኮኒው ላይ የተደረደረውን ፒንቾ የሚባል ትንንሽ ጉርሻ ዓይታችሁ ሳህን አትሙሉ። ምርጡ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈው፣ ስታዙት ትኩሱን የሚሠራው ነው። ከቀዝቃዛው አንዱን ብቻ ልምረጥላችሁ፦ ሂልዳ። ወይራ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የቆየ ቀጭን ቃሪያና አንቾቪ የሚባል በጨው የቆየ ትንሽ ዓሣ በአንድ እንጨት ተሰክተው ይመጣሉ። አሳማ የለበትም፤ የእኛ ሰው ደግሞ ቃሪያውን ይወደዋል።

ቹሌታ ካልበላችሁ የሳን ሴባስቲያንን አገር ባስክን አላያችኋትም። ዕድሜዋ ከገፋ ላም የሚወጣ ወፍራም የጎድን ሥጋ ነው፤ በከሰል ላይ ውጪው ይጠቁራል፣ ውስጡ ቀይ ሆኖ ይቀርባል። ፈረንጅ አንዳንዴ ይደነግጣል። ለብ ለብ ክትፎ የሚወድ ሰው ግን ቤቱ እንደገባ ይሰማዋል። ዓሣ ከፈለጋችሁ ማርሚታኮ ጠይቁ፤ ቦኒቶ ከሚባል የቱና ዓይነትና ከድንች የሚሠራ የዓሣ አጥማጆች ወጥ ነው። የቦኒቶ ወቅት እየተገባደደ ስለሆነ ትደርሱበታላችሁ። ሲድራ የሚባለው የፖም መጠጥ የሚቀዳባቸው ዝነኛ ቤቶች ግን ዋና ወቅታቸው ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ ጥቂት አሉ።

አንዱን ቀን ለጌታሪያ ስጡ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡስ ስላለ መኪናውን ተወው። ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የሚበቅለው ወይን ቻኮሊ ይሆናል። ነጭ፣ ቀላል፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ትንሽ የሚቆነጥጥ። ከፍ አድርገው ነው የሚቀዱት። ወደቡ አጠገብ ምግብ ቤቶቹ ምድጃቸውን ውጭ አውጥተው ሙሉ ዓሣ በከሰል ይጠብሳሉ። ጠፍጣፋውን ሮዳባዮ እዘዙ፤ ዋጋው በኪሎ ስለሆነ ሳይጠበስ አስመዝኑ። በ1522 ዓለምን የዞረውን የመጀመሪያ ጉዞ የጨረሰው ኤልካኖ የዚህች መንደር ልጅ ነው፤ ሐውልቱን ታያላችሁ። የበግ አይብ የምትወዱ ከሆነ ኢዲያሳባልን ይዛችሁ ተመለሱ፤ በአየር አልባ ፕላስቲክ ያሽጉላችኋል።

ቀጠሮ ስትይዙ ከመጨረሻው ጀምሩ። የሳን ሴባስቲያን የፊልም ፌስቲቫል በሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ ስለሚውል መኝታው መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። ቀጥሎ የአሮ ወይን ቤቶችን ያዙ፤ የለቀማ ወቅት ስለሚሆን ያለ ቀጠሮ የሚመጣን ሰው ላያስተናግዱ ይችላሉ። ከዚያ የአራንዳውን ሌቻሶ፣ በመጨረሻ ማድሪድን። ከሳን ሴባስቲያን ቢልባኦ የሚወስደው ኤፒ-8 ክፍያ አለው፤ የባንክ ካርድ በእጅህ ይሁን። የምትሄዱበትን ትክክለኛ ቀን ከጻፍክልኝ ከሳን ማቴዎና ከፌስቲቫሉ ጋር አስተያይቼ የትኛውን ከተማ ማስቀደም እንዳለባችሁ እነግርሃለሁ።